የእትዬ ጥሩነሽ ነጫጭ ነጥቦች

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ራጅ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ታደሰ የአንድ ገበሬ የደረት ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅለው "ምን ታያለህ?" አሉኝ። ሳንባው ላይ ክብ ነጭ ነገር አይቼ "ዕጢ" አልኩ። "የሸሚዝ ቁልፍ ነው! ሳያስወልቅ ያነሳው ሰነፍ ነው" ብለው ሳቁብኝ። አፈርኩ። ግን የሰው ውስጥ እንዲህ ወለል ብሎ መታየቱ ገርሞኝ ምሳዬን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የጡት ራጅ፣ ማሞግራፊ የሚሉት፣ ሲመጣልን አለቃው እኔ ነበርኩ። እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የቄስ ባለቤት ከመዘዞ መጡ። ግራ ጡታቸው ውስጥ ያለው ዕጢ ካንሰር መሆኑ በናሙና ታውቋል፤ የቀረው ምን ያህሉ ይቆረጥ የሚለው ነው።

"ሽቶ ወይ ቅባት ተቀብተዋል?" አልኳቸው።

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ!" ብለው ተቆጡ። የቄስ ሚስት ናቸውና አፍሬ፣ ዓይኔን ሰበር አድርጌ አነሳኋቸው።

ምስሉ ሲወጣ ጡቱን ሁሉ ነጫጭ ነጥብ ሞልቶታል፤ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሳምራዊት አይታ "እንዲህ ከተሰራጨማ ሙሉ ጡቱን ነው የማወጣው፤ ነገ ጠዋት" አለች።

እትዬ ጥሩነሽ ሲነገራቸው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። "ስድስት ልጅ ያጠባሁበት ነው" አሉ። አንጀቴን በሉት።

አልትራሳውንዱ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ራዲዮሎጂስታችን ደጋግሞ ቢፈልግ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት ዕጢ ብቻ አገኘ። "አልትራሳውንድ እኮ ደቃቅ ነጥብ ሊያመልጠው ይችላል" አለች ሐኪሟ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ያ የሸሚዝ ቁልፍ ትዝ አለኝ።

ተመልሼ "እትዬ፣ ጡትዎ ላይ ያደረጉት ነገር የለም?" አልኳቸው።

"እምነት ነዋ! ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡልኝ አፈር። ሲያሳምመኝ እቀባዋለሁ።"

የአፈር ቅንጣት ራጅ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ሰነፉ እኔው ሆንኩ። ይታጠቡ ብላቸው "በቧንቧ ውሃ? አላደርገውም!" አሉ። ደግነቱ በሃይላንድ ጠበል ይዘው ነበር። ነርሷ በጠበሉ አጠበቻቸው፤ እጣቢውን እግር የማይረግጠው ቦታ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ደፋነው።

ደግሜ አነሳሁ። እግዚኦ! ያ ሁሉ ነጥብ ጠፍቶ አንዲቷ ዕጢ ብቻ ቀረች፤ አልትራሳውንዱ ያገኛት ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች። አንዱ በጨረር፣ ሌላው በድምፅ ሄደው እዚያችው ላይ ተገናኙ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ሥራ እንደ አዲስ አስደነቀኝ።

ዶክተር ሳምራዊት በማግሥቱ ዕጢዋን ከነዙሪያዋ አወጣች። ጡቱ ተረፈ።

እናንተ አዳዲስ የራጅ ባለሙያዎች፣ ከማንሳታችሁ በፊት ቆዳውን እዩ፤ ማፈር አይሠራም። ሁለት ምስል ካልተስማማ፣ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ታካሚዋን ጠይቁ።