ባዶ ጀሪካን በሐዲድ ላይ

ከድሬዳዋ ተነስቶ እስከ ጅቡቲ ድንበር በሚሄደው የጭነት ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበርኩ። በረሃው ላይ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ውሃ ያለቀበት ሰው ባዶ ጀሪካኑን ሐዲዱ መሃል ያቆማል፤ ያንን ያየ ሹፌር ባቡሩን አቁሞ ከውሃው ፉርጎ ያካፍላል። ዋጋ አይጠየቅም፣ ምስጋናም ብዙ አይጠበቅም። ጀሪካን አይቶ ያለፈ ሹፌር ስሙ ከአዲጋላ ጣቢያ እስከ ደወሌ ይነሳል፣ በደግ ግን አይደለም።

ሥራው ሲቀዘቅዝ ደሞዙም ሲቆራረጥ፣ ከሹፌሬ ጋር ጁባ ገባን። የቆመው ባቡር ሲነሳ እንጠራችኋለን ተብለናል። እሱ በዕድሜ አባቴ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ግን እኛ ድሬዎች አንቱታ ስለማናውቅ አንተ እንባባላለን። ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየን። እሱ የውሃ ቦቴ ይነዳል፣ እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ከወንዙ ቀድተን በየሰፈሩ እንሸጣለን። በዚያ ዕድሜው ሌላ ሥራ የሚሰጠው ስለሌለ፣ ቦቴዋን ካጣ ጁባን ለቆ መሄዱ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ችግሩ ጁባ የጀሪካን አገር መሆኗ ነው። ሴቶቹ ተራ ለመያዝ ባዶ ጀሪካን መንገድ ዳር ይደረድራሉ፤ አንዳንዱ መሃል ድረስ ይገባል። ሹፌሬ መንገድ መሃል ጀሪካን ካየ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ይወርዳል፣ ቱቦውን ይፈታል፣ ይሞላል። በነጻ ነው ሲላቸው፣ ሴቶቹ ጤነኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ ምን ልበል፣ ቱቦውን እይዛለሁ። ነገሩ ሲገባቸው ጀሪካኖቹ ሁሉ መንገዱ መሃል ገቡ።

የቦቴዋ ባለቤት የአገሬው ተወላጅ ሲሆን ልጅነቱን በስደት አዲስ አበባ ያሳለፈ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። አንዴ አስጠነቀቀ፣ ደገመ። ሹፌሬ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና በማግስቱ ያቆማል። አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይኸው ነው። በመጨረሻ ንያኩሮን ሰፈር ለሠርግ የታዘዘ ቦቴ ግማሹን በየመንገዱ ለጀሪካን አድሎ ደረሰ። ባለቤቱ አልጮኸም።

«ካላስ ጋሼ፣ በቃ» አለ። «ቁልፉን ለረዳትዎ ይስጡት።»

ሹፌሬ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው። ማፈር ወይም መቆጣት ነበረብኝ፤ ሁለቱም አልመጡልኝም። ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኜ ቆምኩ። ማታ አብረን በላን፣ ተኛን።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዤ በካምፓላ በኩል ወደሚያወጣው አውቶቡስ ሸኘሁት። ባቡሩ ሲጠራን ድሬ እንገናኛለን አልኩት። የጁባን ሙቀትና ወባ የቻልኩት ለዚያች ቀን ብዬ ነበር።

«የሚጠራን የለም» አለኝ። «ከአይሻ ወዲያ ሐዲዱን ለቤት ምሰሶ እየነቀሉት ነው። ሚስቴ በስልክ ከነገረችኝ ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?»

«አንተ እየጠበቅክ ነበራ። አንዳችን እንኳ ይጠብቅ ብዬ ነው።»

ሳመኝና ገባ። ወንበሩ በወዲያኛው በኩል ስለነበር በመስኮት እንኳ አላየሁትም። እንባ እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ስለዚህ ቦቴዋን ወደ ወንዙ ነድቼ ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ቀዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ደወለ። አዲስ ረዳት ሊቀጥርልኝ ስለሆነ፣ እስከ መቼ እንደምሠራለት ማወቅ ፈለገ። በፊት ይህን ሲጠይቀኝ፣ ባቡሩ እስኪነሳ እለው ነበር።

«እስከፈለግከው ድረስ» አልኩት።