ልጄን በካሴት ጠየቅኋት

በልጄ ላይ የተሠራው በደል ይኼ ነው፤ ከልቧ እሺ ሳትል እሺ አለች ተባለባት። ያስባላት ደግሞ የገዛ ወንድሟ ነው። ሁለቱንም ያጠባሁ እኔ ስለሆንኩ፣ ለማንም ሳላደላ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሚሴ ባለው ግቢያችን፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረው ክፍል በእሷ ላብ የቆመ ነው። ወንድሟ ባጃጅ ይነዳል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ጓሮ ባለው ቤት ተጣቦ ይኖራል። አንድ ቀን በኢሞ ደወለላትና ያንን ክፍል ለራሱ ሱቅ ሊያደርገው እንደሆነ ነገራት። ልጆቹ ከኋላው ተደርድረው አክስቴ፣ አክስቴ ይላሉ። እሷም ፈገግ ብላ እሺ፣ ይሁን አለች። ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ ኔትወርኩ ሄደ። ሁልጊዜም እኔ ጋ ሲደርስ ነው የሚሄደው።

ይኼን እሺታ አልቀበልም አልኩ። ጠያቂው ስልኩን ይዞ፣ ሕፃናት አፍ አፏን እያዩ፣ እምቢ የምትል እህት የት አለች? ወንድሟ ግን ሳቀብኝ።

«እማ፣ በጆሮሽ ሰምተሽ ትክጃለሽ?»

«የሰማሁት አፏን ነው» አልኩት።

ስልክ ቤታችን ሳይገባ በፊት ከጂዳ የሚመጣው ደብዳቤ ካሴት ነበር። ልጄ እንደሄደች ሰሞን መዳፍ የምታክል ቴፕ ላከችልኝ፤ ታጫውታለች፣ ቀዩን ሲጫኑት ደግሞ ትቀዳለች። ዘመድ ጎረቤቱ እየመጣ በተራ ይናገርባት ነበር፤ አንዱ የልቡን ሳይጨርስ ሌላው አይቀበለውም። ልጄም በካሴት ትመልሳለች። ሰላምታውን በአማርኛ ትጨርስና ቁም ነገሩ ጋ ስትደርስ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። ታማ እንደነበር፣ አሠሪዋ እንደከፋችባት የሰማሁት በካሴት ነው። በስልክ ግን ሁሌም አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።

ቴፗን ሁሉም ሰው ስልክ ከያዘ በኋላም አልጣልኳትም። ፈጅር ሰግጄ መንዙማ እሰማባታለሁ። ድምጿ መጎተት ሲጀምር የባትሪ ድንጋዮቿን ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። የልጅ ልጆቼ ትልቋ እህታችን ይሏታል፤ ከሁሉም ስለምትበልጣቸው።

እንግዲህ ልጄን በቴፗ ልጠይቃት ቆረጥኩ። ባዶ ካሴት ፍለጋ ከሚሴን ዞርኩ። ካሴት ስለው አንዱ ባለሱቅ ሚሞሪ አወጣልኝ። መንዙማውን ላጠፋው አልደፈርኩም። ወንድ ልጄ በጎረምሳነቱ የሚሰማው የዘፈን ካሴት ግን ነበረ። እንዲቀዳልኝ አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቅጥቄ፣ በዘፈኑ ላይ ቀዳሁበት። አልቆጨኝም።

«ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ» አልኩ። «ክፍሉን ከልብሽ ሰጥተሽዋል? ከሰጠሽ ምርቃቴ ይከተልሽ። ካልሰጠሽም ንገሪኝ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

እዚያ ማጫወቻ እንዳታጣ ቴፗንም አብሬ ላክኋት። ወደ ጂዳ በምትሄድ የጎረቤት ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ በሶ መሐል ቀበርኳት። ከዚያ ወዲያ ጧቴ ጭር አለ።

ወንድሟን መልስ እስኪመጣ ሱቁን አትክፈት አልኩት። ወሬው ባጃጅ ተራ ደረሰ። ባለባጃጆቹ ሳልፍ ጠብቀው፣ እማማ፣ ችሎቱ መቼ ነው የሚያስችለው ይሉኝ ነበር። ልጄም አብሮ ይስቃል። ግን እውነቱን ልናገር፤ በሩን መገንጠል አያቅተውም ነበር፤ አልነካውም። እናቱን የሚያከብር ልጅ ነው፤ ችኩል ነው እንጂ።

የጨፋ ሜዳ ማሽላ ታጭዶ ከብቱ አገዳው ላይ ሲለቀቅ፣ ከጂዳ የተመለሰች ሴት ቴፗን አመጣችልኝ። አዲስ ድንጋይ ገብቶላታል። እሺ የተባለው እሱ ባለበት ነው፤ መልሱም እሱ ባለበት ይሰማ ብዬ ወንድሟን ጠራሁትና አጠገቤ አስቀመጥኩት። ስከፍታት መጀመሪያ የወጣው የዘፈኑ ጭራ ነው። ካሴቱን አወቀውና ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ። ስለ እኔ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ በአማርኛ ጠየቀች። ወደ ኦሮምኛ ዞረችና «ሂን ታኡ፣ አዮ» አለች። አይሆንም፣ እናቴ ማለቷ ነው። ወንድሟ አንገቱን ደፋ። የቀረውንም በኦሮምኛ ነው የተናገረችው፤ እንዲህ ነበር፦

«አልሰጠሁትም። ልጆቹ ሲያዩኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። እኔ እዚህ የምተኛው ወጥ ቤት ጥግ ነው፤ ያንን ክፍል እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ልጆቹ እንደተጣበቡ አውቃለሁ፣ አዮ። ወንድሜን እንዲህ በይልኝ፤ ላደርገው ነው ከማለት፣ ላድርገው ወይ ቢለኝ ግማሹን እሰጠው ነበር። አሁንም እሰጠዋለሁ። ግን ይጠይቀኝ።»