የወይኒቱ ሰርተፍኬት ስንት በሬ ያወጣል?

ወይኒቱ ቢሰጥ ዋጋዋን የሰማችው ጓዳ ተቀምጣ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ጅጋ አጠገብ ወዳለችው መንደራቸው መጥተው ቤቱን ሞልተውታል።

የኛን አገር ጋብቻ መቼም ታውቁታላችሁ። የወንዱ ወገን ለልጁ የሚሰጠውን ማጫ ይጠራል፣ የሴቷም ወገን እኩያውን ይጠራል። እኩል ካልመጣ ጋብቻ የለም። ወይኒቱን ሊያገባ የፈለገው የክንዱ አባት አያ ሰይፈ ጥማድ በሬ ጠሩ። ያን ጊዜ የወይኒቱ አባት አያ ቢሰጥ ብድግ አሉና ከግድግዳው ላይ በላስቲክ የተለበጠች ወረቀት አውርደው መደቡ ላይ አኖሩ። ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ ያገኘቻት የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ሰርተፍኬት ናት።

"የኔም ጥማድ ይኸው" አሉ።

ሰውየው አልቀለዱም። ልጅቱን ለማስተማር በሬዎቻቸውን ቦራንና ዳልቻን ሸጠዋል። የቀራቸው አንድ ጠቋር የሚባል በሬ ነው፤ እሱንም ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት። ወረቀቷ ካልተቆጠረች ጠቋርም ሊሄድ ነው፣ ቢሰጥም በስተርጅና የሰው ደጅ ሊጠኑ ነው። ወይኒቱ ክንዱን ትወደዋለች፣ ምን ይደረግ፤ አባቷን ባዶ በረት አስታቅፋ መሄድን ግን አንጀቷ አልችል አለ።

ጎታውን ተደግፋ ዓይኗን ከደነች። የሽማግሌዎቹ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ኮሌጅ ሳለችም እንዲህ ያደርጋት ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመር ከመስመር በታች ስትጽፍ፣ ስትጽፍ ትፈዝና ቦራና ዳልቻ ከጥቁሩ ስክሪን ብቅ ይላሉ። ቀንበር የለባቸው፣ ጅራፍ የሚያጮኽባቸው የለ፣ ዝም ብለው ያርሳሉ። አንዲት ምልክት ስትስት ቆም ብለው ዞረው ያዩዋታል። "አንቺ ልጅ፣ የት ሄድሽ?" ይላታል አስተማሪው። እርሻ ነው የሄድኩት ማለቱ ያሳፍራትና ወደ ስክሪኑ ትመለሳለች። አሁንም መጡላት። ቦራ ነጩን ግንባሩን ወደ እሷ አድርጎ ቆመና፣ ስንት ሆንኩ? የሚላት መሰላት።

"ለመሆኑ በወር ስንት ታገኛለች?"

ያባነናት የአለቃ ወልደ ዮሐንስ ድምፅ ነው። አለቃ የደብሩ ሊቅ፣ የመንደሩ አስታራቂ ናቸው፤ የጋብቻውን ውል የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው።

"ፍኖተ ሰላም ኮፒ ቤት ውስጥ ሦስት ሺህ ብር" አሉ ቢሰጥ።

"ሦስት ሺህማ የጎረቤቴ የንግሥቴ ልጅም እዚያው ታገኝ የለ፣ ያለ ወረቀት!" አሉ ሰይፈ።

እውነት ነው፤ ወይኒቱን ያንገበገባትም እውነትነቱ ነው። ለመተየብ ማን ሰርተፍኬት ይጠይቃል? ደግሞ ባለፈው ክረምት ቡሬ ላለ አንድ የእህል ነጋዴ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርታ፣ ባንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ተቀብላለች። እንደሱ ያለ ሌላ ነጋዴ ይምጣ አይምጣ እግዜር ነው የሚያውቀው። በሬ ሰባ ሺህ በሚጠራበት ዘመን ይኼን ሰው እንዴት አድርጎ ይመዝነዋል? እሷ ራሷ ስንቴ ደምራ፣ ስንቴ ቀንሳ ጠፍቶባታል።

አለቃ አሰቡ፣ አሰቡና "አንድ በሬ ይሁን" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ አለቃ" አሉ ሰይፈ። "ክፉ አይንካቸውና ልጆቹ ቢለያዩ፣ ያላቸውን እኩል ነው የሚካፈሉት። በሬ ከሆነ ተሸጦ ይካፈሉታል። ይኼን ግን እንዴት አድርገው ሊካፈሉት ነው? ይዛው ውልቅ ነው! እኔ ግማሽ በሬም ብዬ አልቆጥረው።"

ቢሰጥ ሰርተፍኬቷን ከመደቡ ላይ አነሱ። "እንግዲያውስ ጠቋር ይቆጠር። ሌላውን ተበድሬም ቢሆን…" ብለው መጨረስ አቃታቸው።

ወይኒቱ እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። እናቷ ቻይነሽ ቀሚሷን ይዘው ቢጎትቷትም አልተመለሰችም። የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት ወጥታ ስትናገር እዚያ መንደር ታይቶ አይታወቅም። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ሰይፈ ፊት ቆመች።

"አያ ሰይፈ፣ እንካፈለዋለን" አለች። "ክንዱን አስተምረዋለሁ። ብንለያይ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።"

"ኧረ እቴ! እሱ ይዞ ከሄደ ላንቺ ምን ሊቀርሽ ነው?"

"ሁሉም ይቀረኛል። እሱም ሁሉንም ነው የሚይዝ። ምንም አይጎድልብን።"

ሰይፈ ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። አምስት ልጅ ወልደው መሬታቸውን እየቆረሱ አካፍለዋል። ለመጨረሻው ለክንዱ የደረሰችው ቁራሽ በሬ እንኳ ደህና አድርጎ አይዞርባትም። እዚያች ቁራሽ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል ባዩት ቁጥር እያፈሩ መንገድ ይቀይራሉ።

"ቢያካፍሉት የማይጎድል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ አለቃ ዞሩ። "ይጻፉት።"

"አንድ በሬ ብዬ?"

"ጥማድ በሬ ብለው ይጻፉ፣ አለቃ" አሉ ሰይፈ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እኔ አባቱ ይኼን የሚያህል አላወረስኩትም።"