ለእትዬ አረጋሽ የላክሁት መጽሐፍ

ደሴ፣ ዓርብ ጧት

ወደ መካነ ሰላም የተሳፈርኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ መምህር ሆኜ የተመደብኩት እዚያ ነበር፤ አራት ዓመት የኖርኩትም እትዬ አረጋሽ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ሴት ልጅ የነበረቻቸው እናት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ሰብስበን መንፈሳዊ መጽሐፍ ስናነብ አንባቢያችን እሳቸው ነበሩ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ጨርሰው ብቻ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ያነቡ ነበር። ያን ድምፅ ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

ወደ ደሴ ከተዛወርኩ ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ማስተዋል ለሥራ ቤይሩት ሄዳ ሞተች። ሬሳዋ በሳጥን መጣ፤ በምን እንደሞተች በቅጡ የነገራቸው የለም። ፈተና ላይ ስለነበርን ለቀብር አልደረስኩም። በምትኩ ስለ መከራ የተጻፈ መጽሐፍ ላክሁላቸው። መከራ የሚመጣው እምነትን ሊያጠራ ነው በሚለው ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ መጽሐፉ በመንገደኛ እጅ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤ አልነበረውም።

ዓመት ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ፤ ውስጡ ሌሎች ስድስት መጻሕፍት ከተትኩ። ያኔ ገና የገባኝ ነገር አልነበረም።

ጉጉፍቱና አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት ስንጥቅ እየገባ ተሳፋሪውን ሁሉ ጋቢ ውስጥ ከተተው። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ አልቆ፣ ሜዳው ላይ የቀረው ቃርሚያ በውርጭ ነጥቷል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር መንገድና አቧራ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ደሴ የመጡት ጅዳ ያለች ልጃቸውን በስልክ ሊያነጋግሩ ነበር።

“አገኟት?” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ፣ አገኘኋት። ደህና ነኝ አለችኝ።” ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ “ድምፅዋ ግን አላማረኝም። ዱዓ አድርግላት፣ ልጄ” አሉኝ።

አደርጋለሁ አልኳቸው። አቀስታ ላይ ምሳ አብረን በላን፤ ሽሮ በአራት ብር። ስለ ማስተዋል ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት።

መካነ ሰላም

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ከመናኸሪያው እስከ ግቢው ያለው መንገድ አልተለወጠም፤ ለተማሪዎቼ ደብተርና ከረሜላ ይሸጥ የነበረው ሱቅ እንኳ እዚያው አለ። እትዬ አረጋሽ ግን ተለውጠዋል። ሲያቅፉኝ ትከሻቸው ከእጄ ውስጥ ጠፋብኝ። የገብስ እንጀራ አቀረቡልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ መጽሐፉ ግን አንዳች ቃል አልወጣቸውም። እኔም ደፍሬ አላነሳሁም።

ቅዳሜ ጧት ጎረቤታቸው እማማ ዘይነባ መጡ። “አህለን፣ መምህር” ብለው እጄን ጨበጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች ምስር እየለቀሙ ብዙም ሳይነጋገሩ ቆዩ። እማማ ዘይነባ ሲሄዱ ጠየቅሁ።

“እትዬ፣ መጽሐፉን ለምን መለሱት?”

ሰፌዱን አስቀመጡ። “ጠልቼው አይደለም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያሰመርክበት ስደርስ፣ እግዜር እኔን ለማስተማር ብሎ ልጄን ገደላት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለት ወር ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። ቤቴ ከሚቀመጥ ይሂድ አልኩና መለስኩት።”

አንገቴን ደፋሁ። “ይቅር ይበሉኝ። ላጽናናዎት ብዬ ነበር።”

“አውቃለሁ። በክፋት ቢሆንማ እንዲህ ባልከፋኝ ነበር።”

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። እማማ ዘይነባ ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ስለ እግዜርም ስለ ሞትም አያነሱም። አንድ ቀን፣ “እስቲ እንደ ድሮሽ አንብቢ” አሏቸው።

“የኔን ሃይማኖት መጽሐፍ እኮ ነው የማነበው ብላት፣ ‘ይሁና፣ ድምፅሽ ናፍቆኝ ነው’ አለችኝ። የጸሎት መጽሐፌን ገለጥኩ። አንድ ሰው ወደ እግዜር እየጮኸ፣ ለምን ተውከኝ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ ወጣልኝ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼው አላውቅም። መጠየቅ ኃጢአት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ገጽ አነባለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።”

ወደ ማታ ቦርሳዬን አስከፈቱኝ። ስድስቱን መጻሕፍት እያገላበጡ አንድ በአንድ ገመገሙ። “ይኼ መልስ ያበዛል። ይኼ ለደህና ሰው ይሆናል። ይኼን እንኳ ተውልኝ፤ ፊደሉ ትልቅ ነው።” ሳላስበው ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የድሮዎቹ የንባብ ጓደኞች ተሰበሰብን፤ የቀረነው አራት ነን። መምህር ያንብብ ተባለ፤ እምቢ ብዬ እትዬ አረጋሽን ለመንኩ። እንደ ድሮው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። መሐል ላይ እንባ ሲያቋርጣቸው ማንም አልቀጠለላቸውም፤ እስኪመለሱ ጠበቅናቸው። ከዚያ ወደ ማስተዋል መቃብር ወሰዱኝና ስለ ልጅነቷ እያወሩልኝ ዙሪያውን አረም ነቀልን።

ደሴ

ሰኞ ተመለስኩ። መጽሐፍን አሁንም እወዳለሁ። ነገር ግን ሐዘንተኛ ጋ ራሴ ከመሄዴ በፊት መልሱን አስቀድሜ እንደምልክ፣ መልሱም የሚያሳርፈው እኔን እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

በማግስቱ፣ በቅርቡ ሚስቱ የሞተችበት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። ከቀብሩ ወዲህ ምን እንደምለው ጨንቆኝ ስሸሸው ሰንብቼ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ “ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር” አለኝ። ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስለ እሷ ነገረኝ።