ሽምብራ ውስጥ የዘረጋሁት ሜትር

በዚያ ሰሞን ከሰበታ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ገበሬው የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ዋና ከተማዋን ሊያሰፋ በወጣው ማስተር ፕላን ሰበብ መጥተው መሬቱን እንዳይለኩበት። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተፍኪ አጠገብ የሰው ሽምብራ ውስጥ ገብቼ ሜትር ዘረጋሁ። በስተርጅና አዋቂ መምሰል ሲያምርህ እንዲህ ነው።

የመንገድ ፕሮጀክቱ አስተርጓሚ ነበርኩ። ያበደረው የልማት ባንክ አንዲት ባለሙያ ልኳል፤ እሷ ሥራውን አይታ ካላጸደቀች ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም። መንገዱ ወደፊት እስከየት ሊሰፋ እንደሚችል ላሳያት ፈለግሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ቀና ስል ወጣቶች መጡ። የባንኩ እንግዳ ሮጣ መኪናችን ውስጥ ገባች፤ እኔ ግን አልደረስኩም። ድንጋይ የያዙ ልጆች በእኔና በመኪናው መሀል ገብተው ቆሙ።

«ቀያሽ ነው! ሰደርያውን አታዩም?» አለ አንዱ። የሚያብለጨልጭ የሥራ ሰደርያ ለብሼ ከሩቅ የምታይ ሰውዬ ነበርኩ።

የማሳው ባለቤት፣ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ፣ ደረሱ። «ዲሳ!» አሉ በኦሮምኛ፤ «ተዉት! መጀመሪያ ይናገር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሽበታም፣ ሽምብራዬ ውስጥ ምን ትለካለህ?»

«ኦቦ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ መሬት አልወስድም። የመጣው ገንዘብ ለመንገዱ ብቻ ነው።»

«የማን ገንዘብ?»

እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ባንኩ የብዙ አገሮች ነው፤ አባላቱ አዋጥተው አቋቋሙት። ለመንገድና ለመብራት ኃይል ለመንግሥታት ያበድራል። ባንዴ አይሰጥም፤ ሥራው እየታየ ነው። ዕዳው የሚያልቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«እንደ እድራችን አዋጥቶ ማበደር?»

«እንደ እድር!» አልኩ፣ ነፍሴ መለስ ብላ።

«እድር ላይ አባል ይሰበሰባል። እኛን ማን ሰበሰበን? ዕዳውን የሚከፍሉት እነዚህ ናቸው» ብለው ወጣቶቹን አሳዩኝ።

ስንቱን ስብሰባ በሁለት ቋንቋ ያንበለበልኩ ሰውዬ ያወጣሁት ሁለት ቃል ነው፦ «አላውቅም፣ ኦቦ።»

አንድ ድንጋይ ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው ሰደርያዬ ላይ ደረቡልኝ፤ ክንዴን ጨብጠው በልጆቹ መሀል ወሰዱኝ። የእሳቸውን ካፖርት የሚመታ አልተገኘም። ከነካፖርቱ ገባሁ፤ መኪናው በሩ ሳይዘጋ ተነሳ።

ግርግሩ በርዶ መንገዱ ሲከፈት ካፖርቱን አሳጥቤ ይዤላቸው ሄድኩ።

«የጥያቄዬን መልስስ?» አሉኝ።

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያው መልሱን እስክታመጣ ካፖርቱም አንተ ጋ ይቆይ።»

ይኸው እኔ ጋ ነው። ክረምት ክረምት እለብሰዋለሁ፤ የዕዳ ካፖርት እንዴት እንደሚሞቅ ብታዩ!