ጎረቤቴ መጨረሻውን ቀድማኝ ያወቀች ጊዜ

ቡታጅራ ዳር ያለን ሴቶች እንሰት የምንፍቀው ተሰብስበን ነው፣ ዛሬ የአንዷን፣ ሌላ ቀን የሌላዋን። ከመሃላችን ቴሌቪዥን ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣውን የቱርክ ድራማ አይቼ፣ ቅዳሜ እየፋቅን የማወራላቸው እኔ ነበርኩ። ድራማው የቆመበት ላይ እኔም አቆማለሁ። "ከዚያስ?" ሲሉኝ "ሐሙስ ይምጣ" እላቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣና ድራማውን ከነመጨረሻው ስልኳ ላይ ጭኖላት ሄደ። በሁለት ቀን ጨረሰችው። ቅዳሜ እኔ "ሙሽራይቱ ታማ ተኝታለች" ብዬ ስጀምር፣

"ኧረ እሷማ ትሞታለች!" አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ። ቀናሁ።

"ያንቺ ስልክ ላይ ያለው የተቆራረጠ ነው። አትሞትም፣ ወላሂ!" አልኩ። መማሌን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

"እንግዲያው ሐሙስ መጥተን እናያለን" አሉ ሴቶቹ።

ይኸው ሦስት ሐሙስ ሆነ፣ ቤቴ ይሞላል። ሙሽራይቱ አልሞተችም፣ እኔም ዱአ አደርግላታለሁ። ጎረቤቴ አጠገቤ ትቀመጥና ሙሽራይቱ ባሳለች ቁጥር እኔን አየት አድርጋ ፈገግ ትላለች። ድራማው ሲያቆም ሴቶቹ "ከዚያስ?" ይላሉ። የሚጠይቁት እሷን ነው፣ በገዛ ቤቴ።

"ሐሙስ ይምጣ" ትላቸዋለች።