ከመስመሩ መነሻ

አያቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ዓይናቸው ደህና ሆኖ ሳለ በግራ በኩል ያለው ነገር ሁሉ ጠፋባቸው። ዳዊት ሲደግሙ የየመስመሩን መነሻ ይዘሉ ነበር። እዚህ ሐዋሳ የማገገሚያ ልምምድ ታሠራቸው የነበረችው ባለሙያ በገጹ ግራ ጠርዝ ቀይ ጥብጣብ አኑራ፣ "ቀዩን ሳያዩ አይጀምሩ" አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ አጠገባቸው ቁጭ እል ነበር። አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ቀዩዋ ጥብጣብ ያዞሩና "አገኘሁሽ!" ብለዋት ያነቡ ነበር።

"አባባ፣ እኔ ላንብብልዎት?" ስላቸው፣ "ተዪ ልጄ፣ ዓይኔን አታስንፊብኝ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከመናኸሪያ ሱቄ ደክሞኝ ስገባ መጽሐፉን ይዘው ጠበቁኝ።

"ነገ ይሁን፣ አባባ" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ፣ ነገ።"

ሲነጋ ሕመሙ ተመለሰባቸው፤ ከዚያም አልተነሡም።

አሁን ወንበራቸው ባዶውን ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ነበሩ፤ አንድም ቀን "ነገ" ብለውኝ አያውቁም።